የቴስታታ ጓርኒሲዮን በግቢ ውስጥ መቀየር፦ ጅማ ላለ የቱርቦ መኪና ባለቤት

ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ ራስ (ቴስታታ) እና ከሥሩ ባለው የሞተር አካል (ብሎክ) መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ብቻውን አይቃጠልም። ይህን ያልተቀበለ ሰው ቴስታታውን ያወርዳል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገጥማል፣ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሥራ ከሀ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ስለ መፍታትና ስለ ማሰር የሚባለውን ያህል ስለ መለካትና ምክንያቱን ስለ ማደን ይባላል። ጽሑፉ በጅማና በዙሪያዋ ለሚሠሩት ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ የናፍጣ መኪኖች፣ ለፕራዶ፣ ለሃይሉክስ፣ ለፓጄሮና ለመሰሎቻቸው የታሰበ ነው። የቤንዚን ቱርቦ ያለው ሰውም አብዛኛው ይሠራለታል።

ዘይትና ፍልትሮ ቀይሮ፣ የፍሬን ሸራ ገጥሞ የሚያውቅ ትዕግሥተኛ ሰው ይህን ሥራ በግቢው መሥራት ይችላል። ቁልፍ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ግን በቴስታታ አይጀምር። ቅዳሜ ተጀምሮ እሁድ ማታ የሚያልቅ ሥራም አይደለም፤ ቴስታታው ብረት የሚላጭበት ቶርኖ ቤት ደርሶ መመለስ፣ ዕቃም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። መኪናው ለእንጀራ የሚያስፈልግ ከሆነ ለሳምንቱ ሌላ መላ ይፈልጉ።

በእርግጥ ጓርኒሲዮኑ ነው?

ምርመራው የሚደረገው ሌሊቱን ባደረ ቀዝቃዛ ሞተር ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው እስከ አፉ መሙላቱን ይዩ፣ ከዚያ ያስነሡ። ትናንሽ አረፋዎች ሳያቋርጡ ከወጡ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። ክዳኑን ዘግተው ደግሞ የራዲያተሩን የላይኛ ቱቦ በእጅዎ ይጭመቁ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው ከደነደነ የፈላ ውሃ አላደነደነውም፤ ጋዝ ነው። ጋዙን በቀለም የሚለይ ፈሳሽ ያለው መሞከሪያ ካገኙ ሰማያዊው ፈሳሽ በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ሞተር ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

የሚታይ ማፍሰሻ ሳይኖር ውሃ መጉደል፣ ሲሞቅም የማይጠፋና ጣፋጭ ጠረን ያለው ነጭ ጭስ፣ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት፣ እነዚህም ወደዚያው ይጠቁማሉ። ነገር ግን በክረምት ከጅማው መርካቶ ወደ አጂፕ ሰፈር ብቻ እየተመላለሰ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ነጣ ያለ ቅባት ቢይዝ አትደንግጡ። የእርጥበት ጤዛ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ቴስታታውን አያውርዱ።

ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ የሚያሳስቱ ምልክቶች አሉት። ሰማያዊ ጭስና በኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የሚልከውን አየር በሚያቀዘቅዘው) ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ብዙ ዘይት የቱርቦውን ማኅተም ያስጠረጥራል። ጥቁር ጭስና የጉልበት መድከም አብዛኛውን ጊዜ የተቀደደ የአየር ቱቦ ነው። ዘይት ውሃው ውስጥ ገብቶ አረፋ ግን ከሌለ የዘይት ማቀዝቀዣውን መጀመሪያ ይመርምሩ፤ በአዳዲሶቹ ሞተሮች የጭስ መመለሻው ማቀዝቀዣም ሲቀደድ ውሃ ያጎድላል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል። በእነዚህ ምክንያቶች ያለ ጥፋቱ የወረደ ቴስታታ ብዙ ነው።

ቦታውና ዕቃው

ጅማ ዝናብ አትነፍግም። ከላይ ቆርቆሮ ወይም የማያፈስ ሸራ የሌለበት ቦታ ላይ ሞተር አይክፈቱ፤ የተከፈተ ሲሊንደር በአንድ እርጥብ ሌሊት ዝገት ያወጣል። በበጋ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው። ጎረቤት ቡና የሚፈለፈል ከሆነ ገለባው ጋብ እስኪል ይጠብቁ፣ ወይም መኪናውን ወደ ሌላ ግቢ ያዛውሩ። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ።

የመፍቻ ቁልፎችና ቡሶላ ማንኛውም ሰው አለው። ሰው የሌለው፣ ያለ እርሱ ግን ሥራው ፈጽሞ የማይሆነው አራት ነገር ነው፦ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ትክክለኛ ቶርክ ሬንች፣ ያልተጣመመ የብረት ማስመሪያ፣ ቀጫጭን ቅጠል ያለው የክፍተት መለኪያ፣ ጥቃቅን ከፍታን በመርፌ የሚያሳይ ዳያል መለኪያ። «በእጄ ስሜት አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ለጎማ ዳዶ ይሁን እንጂ ለቴስታታ ብሎን አይሁን። ከጋራዥ ተከራይተውም ቢሆን ያምጡ። የሞተርዎን የጥገና መጽሐፍም በስልክዎ ላይ ይያዙ። የማጥበቂያ ቁጥሮች ከሞተር ሞተር ይለያያሉና ለጎረቤት መኪና የሠራው ቁጥር ለእርስዎ አይሠራም።

ከመለዋወጫዎቹ አስቀድመው የሚገዙት የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ ማኒፎልዶቹንና የቱርቦውን ጓርኒሲዮኖች፣ በዘይትና በውሃ መስመሮች መጋጠሚያ ላይ የሚገቡትን የመዳብ ቀለበቶች፣ የኢንጄክተር (የናፍጣ መርጫ) መቀመጫ ቀለበቶችን፣ የውሃውን መንገድ በሙቀት የሚከፍተውን ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ ዘይት፣ ፍልትሮና አንቲፍሪዝ ነው። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ቺንጋና የውሃ ፖምፓው ካረጁም አሁን ነው የሚቀየሩት። የቴስታታ ብሎኖች በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ተለጥጠው የሚጠብቁ ስለሆኑ ለሁለተኛ ጊዜ አይታሰሩም። አንዳንድ ሞተር ላይ ርዝመታቸው ተለክቶ እንደገና ይፈቀዳሉ፤ መጽሐፉ ይወስናል።

ዋናውን ጓርኒሲዮን ግን ገና አይግዙ። የናፍጣ ሞተር ጓርኒሲዮን በውፍረት ደረጃ የተለያየ ነው፤ ደረጃው በጠርዙ ላይ ባለ ፊደል ወይም ጥርስ ይታወቃል፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላለ መለዋወጫ ሻጭ ደውሎ «የፕራዶ ጓርኒሲዮን ላክልኝ» ማለት አይበቃም። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣው ከሌላ ደረጃ ቢሆን መልሶ መላክ ነው።

ማውረድ

ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ ሌሊቱን ማደሩ ይመረጣል። ሞቅ ያለ የአሉሚኒየም ቴስታታ ብሎኑ ሲላላለት ይጣመማል። በዋዜማው ለጭስ ማስወጫ ማኒፎልድና ለቱርቦው ዳዶዎች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያጠጡ።

የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ። ውሃውን ከራዲያተሩም ከብሎኩም ያፍስሱ፣ በባልዲም ይቀበሉ። አንቲፍሪዝ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅም ውሻም ሊቀምሰው ይችላል። ወደ አዌቱ በሚወርድ ቦይ ውስጥ አይድፉት፤ በጀሪካን ዘግተው ያስቀምጡ። ዘይቱንም አሁኑኑ ያውጡ።

አንድም ቱቦ፣ አንድም ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት ሞተሩን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ። ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፉ፣ ብሎኖቹን በየክፍላቸው በፌስታል ይለዩ። ቱርቦ ያለው ሞተር በቀጫጭን የአየር ቱቦዎች የተሞላ ነው። ሁለቱ ቢለዋወጡ መኪናው ይነሣል፣ ጉልበት ግን አይኖረውም፤ ምክንያቱን ፍለጋም ሌላ ሳምንት ይሄዳል።

የኢንተርኩለሩ ቱቦዎች እንደወጡ የቱርቦውን አፎች በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። የቱርቦው ምላስ (ተሽከርካሪ ክንፉ) በሥራ ላይ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ የወደቀበት ቀለበት፣ ትንሽ ጠጠር እንኳ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ማስነሣት ይሰባብረዋል። ጨርቆቹንም ይቁጠሩ፤ ሲገጥሙ የረሱት ጨርቅ ያው ነው። ቱርቦውን ከማኒፎልዱ ሳይለዩ አንድ ላይ ማውጣት ይቀላል፦ የዘይት መግቢያ ቱቦውን፣ የዘይት መመለሻውን፣ ውሃ የሚሄድለት ከሆነ የውሃ ቱቦዎቹን፣ ከዚያ የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ ይፍቱ። ያልላላ ብሎን ላይ አይታገሉ። በሳልዳ ማሞቂያ የተለማመደ ሰው ያሞቅልዎ፤ ቴስታታው ውስጥ የተቆረጠ ብሎን ከጓርኒሲዮኑ ሁሉ በላይ ያስወጣል።

ኮመን ሬል የሚባለው የናፍጣ አሠራር ያለው ሞተር ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ሞተሩ እየሠራ ወይም ገና እንደጠፋ ማንኛውንም የናፍጣ ቱቦ አያላሉ። ቆዳ ይበሳል። የተፈቱትን አፎችም ወዲያው ይድፈኑ፤ ኢንጄክተር የአቧራ ቅንጣት አይችልም።

አሁን ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በእጅ እያዞሩ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ፒስተን ወደ ላይኛው ጫፍ ያምጡ፣ የፋብሪካ ምልክቶቹም መግጠማቸውን ያረጋግጡ። በቀለም የራስዎን ምልክት ይጨምሩበት፣ ከዚያ ቺንጋውን ያውጡ። ከዚህ በኋላ ካምሻፍትም ሆነ ክራንክሻፍት ዝም ብሎ አይዞርም፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

የቴስታታው ብሎኖች የሚላሉት በማጥበቂያው ቅደም ተከተል ግልባጭ፣ ከዳር ወደ መሀል፣ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እየላላ በብዙ ዙር ነው። አንዱን ጨርሶ ነቅሎ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታ ያጣምማል። ሲያነሡት ሁለት ሰው ይሁኑ። ከተጣበቀ በእንጨት መዶሻ ጎኑን ይምቱት እንጂ በሁለቱ ገጾች መካከል ካቻቪቴ አይክተቱ። ያወረዱትን በሁለት ጣውላ ላይ ያሳርፉት፣ በፊቱ አይድፉት።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን ማንበብ

አይጣሉት፤ የሞተሩ ታሪክ እርሱ ላይ ነው። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የተበላ ከሆነ ቴስታታው ተጣሟል ወይም ሞተሩ ከሚገባው በላይ ግፊት ተሸክሟል። ወደ ውሃ ቀዳዳው የተበላና ዙሪያው የዛገ ከሆነ ዓመታት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ኖሯል። ፒስተኖቹንም ይመልከቱ፦ ሦስቱ ጠቁረው አንዱ ታጥቦ የተወለወለ ከመሰለ ውሃው የሚገባው በእርሱ ነው። ያዩትን ቦታ ፎቶ አንሥቶ ለቶርኖ ቤቱ ሰው ማሳየት ፍተሻውን ያቀልለታል።

ገጾቹን ሲያጸዱ በፕላስቲክ መፋቂያና በማሟሚያ ይሁን። በድሪል የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የሚበተነው ዱቄት ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎቹንና የቱርቦውን ዘንግ ይበላል። የብሎን ቀዳዳዎቹን ከጎሚስታ በተዋሱት አየር ይንፉ፣ መነጽር ያድርጉ። ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃ ብሎኑ ሲጠብቅ መሄጃ ያጣል፤ ብሎክ ይሰነጥቃል።

ማስመሪያውን በቴስታታው ገጽ ላይ በሁለቱ ረጅም ጎኖች፣ በሁለቱ አጫጭር ጎኖችና በሁለቱ ሰያፎች ያቁሙት፣ ከሥሩ የሚገባውን ቅጠል ይሞክሩ። የብዙ ሞተሮች ወሰን ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ የእርስዎን ከመጽሐፉ ያረጋግጡ። ብሎኩንም እንዲሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ፒስተን ወደ ላይኛው ጫፍ እያመጡ ከብሎኩ በላይ የወጣበትን በዳያል መለኪያ በሁለት ቦታ ይለኩ፤ የጓርኒሲዮኑ ደረጃ ከዚህ ይገኛል። ክራንክሻፍቱን የሚያዞሩት ቺንጋው ወጥቶ ቴስታታውም ወርዶ ሳለ ስለሆነ የሚጋጭ ቫልቭ የለም፤ ሲጨርሱ ግን ወደ ምልክቱ ይመልሱት።

ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄደው ለመላጨት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የስንጥቅ ምርመራ ያስደርጉ፤ በውሃ ውስጥ በአየር ግፊት ቢሞከር ይመረጣል። የፕራዶው የ1ኬዜድ ሞተር ቴስታታ ሲሞቅ በቫልቮች መካከል በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፤ ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ሌላው ነገር የናፍጣ ቴስታታ እንደ ቤንዚኑ እንደልብ አይላጭም። የቫልቮቹና የቅድመ ማቃጠያ ክፍሎቹ ከፍታ ይለወጣል፣ ፒስተን ሊነካቸው ይችላል። አንዳንድ አምራች ጨርሶ ይከለክላል። «ትንሽ ነው የምልጨው» ከማለቱ በፊት የመጽሐፉን ገጽ ያሳዩት።

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሳለ

ይህ ጊዜ ምክንያቱን የማደኛ ጊዜ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ላይ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ጉልበት ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ያለው መኪና ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ተጭኖ ሲወጣ ከሚፈቀደው በታች ባለ ሙቀት ይፈላል፣ ቀሪው ታሪክ የታወቀ ነው። በጣም ርካሹ ዕቃ ይህ ክዳን ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ የሚረሳው እርሱን ነው።

«ጅማ በረዶ የለ፣ አንቲፍሪዝ ለምን?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ሥራው ዝገት መከላከልና የመፍያ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ነው። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም መድኃኒት አይደለም። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጭ መንገዱ ክፍት ይቀራል፣ ከውሃው ከፊሉም ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በሜዳ ቀዝቃዛ፣ በዳገት እሳት የሆነ መኪና ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ራዲያተሩን ከውጭ በጭቃና በነፍሳት፣ ከውስጥ በዝገት መዘጋቱን ያስመርምሩ። የራዲያተሩ ማራገቢያ ማያያዣ ፈሳሹ ደክሞ ሳይጎትት ቀርቶ እንደሆነ ይዩ። በመጨረሻም የናፍጣ ፖምፓው ብሎን ለጉልበት ሲባል ተከፍቶ፣ የቱርቦው ግፊትም ከፍ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ። ቡና ሲጫን ፈጥኖ የሚወጣ መኪና ሁሉም ይወዳል፤ የሚከፍለው ግን ጓርኒሲዮኑ ነው።

መግጠም

ሁለቱም ገጾች ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ቅባት የሌለባቸው ይሁኑ። ጓርኒሲዮኑ በደረቁ ነው የሚቀመጠው። መጽሐፉ በግልጽ ካላዘዘ ሲሊኮን፣ ግሪስ፣ ቀለም አይቀባም። ወደ ላይ የሚሆነው ፊቱ ተጽፎበታል፤ የዘይትና የውሃ ቀዳዳዎቹ ከብሎኩ ጋር መግጠማቸውን በዓይን ያረጋግጡ። ቴስታታውን ብሎኩ ላይ ሲያስቀምጡት ቀጥ ብሎ በመምሪያ ፒኖቹ ላይ ይረፍ፣ ወዲያ ወዲህ አይንሸራተት።

የብሎኖቹን ጥርስና ከራሳቸው ሥር ያለውን ቀለበት በሞተር ዘይት በስሱ ይቀቡ፣ በእጅ ያስገቡ። ማጥበቁ ከመሀል ወደ ዳር ነው። መጀመሪያ ሁሉም በመጽሐፉ በተሰጠው ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ በዲግሪ፤ ለምሳሌ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ ሌላ 90 ዲግሪ። በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ ያድርጉና ሁሉም ነጥቦች እኩል መዞራቸውን ይዩ። በመሀል ሥራ አያቋርጡ፤ ስልክ ቢጮኽም ይጩኽ።

ቺንጋው ከተገጠመ በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። የሚያስቆም ነገር ካጋጠመ አያስገድዱ፣ ይመለሱ። ምልክቶቹ መልሰው ከገጠሙ የቫልቮቹን ክፍተት ይለኩ፣ ከዚያ ኢንጄክተሮቹን በአዲስ ቀለበት ይግጠሙ።

ቱርቦው

ከመመለሱ በፊት ዘንጉን በጣትዎ ይሞክሩ። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቅ ተፈጥሮው ነው፤ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚሰማ መሄድ ወይም ምላሱ ግድግዳውን መንካት ግን ማለቁን ያሳያል። የዘይት መግቢያው ቱቦ ቀጭን ስለሆነ በተቃጠለ ዘይት ይዘጋል። አጥበው አየር ይንፉበት፣ ካልጠራ ይቀይሩት። ውሃ የገባበት ዘይት በዚህ ቱቦ ውስጥ አልፏልና ይህን ክፍል መዝለል አይቻልም። መመለሻውም ያለ እንቅፋት ወደ ታች መፍሰስ አለበት። በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ተቆርጦ የገባ ቁራጭ የዘይቱን መንገድ ይደፍናል። የመዳብ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ።

መግቢያውን ቱቦ ከመዝጋትዎ በፊት በቀዳዳው ንጹሕ ዘይት ይጨምሩና ምላሱን በእጅ ጥቂት ያዙሩት። ደረቅ ሆኖ የተነሣ ቱርቦ በሰከንዶች ውስጥ ይጎዳል።

ማስነሣት

ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃና አንቲፍሪዝ እኩል በእኩል ቀላቅለው በዝግታ ይሙሉ፤ ዝግጁ ተበጥብጦ የሚሸጠውን ከገዙ ግን ውሃ አይጨምሩበት። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት ያቁሙት፣ የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ ይክፈቱ፤ አየር ወደ ላይ ይወጣል። አዲስ ዘይትና ፍልትሮ ይግቡ።

የናፍጣውን ማቋረጫ ሶኬት ነቅለው ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ለአጭር አጭር ጊዜ እያረፉ ያዙሩ፣ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ። ያን ጊዜ ሶኬቱን መልሰው ያስነሡ። የነዳጅ ፔዳሉን አይርገጡ፤ በራሱ ዝቅተኛ ዙር ይሥራ። ከማኒፎልዱ ጥቂት ጭስ ይወጣል፣ የፈሰሰ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የሚንጠባጠብ ነገር ከቱርቦው መጋጠሚያዎች ካለ ወዲያው ያጥፉ። ቴርሞስታቱ ከፍቶ የታችኛው ቱቦ እስኪሞቅ ይጠብቁ፣ ያጥፉ፣ ያቀዝቅዙ፣ የጎደለውን ይሙሉ።

የመጀመሪያው መንዳት በከተማው ሜዳ ይሁን፣ ሁለተኛው ባዶ መኪና ይዞ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት። ሲደርሱ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ያቆዩት፣ ቱርቦው ሳይቀዘቅዝ አያጥፉ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር እንደ መጀመሪያው ቀን ይመርምሩት፦ አረፋ፣ የቱቦ መደንደን፣ የውሃ መጠን። ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ በዲግሪ ለተለጠጡት አይደረግም፤ የቆዩ ሞተሮች ላይ ግን መጽሐፉ ሊያዝ ይችላል።

ዘይቱንና ፍልትሮውን ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ድጋሚ ይቀይሩ፤ በሞተሩ ጥጋጥግ የቀረ ውሃና ቆሻሻ አብሮ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ውሃውን በየጠዋቱ ይዩ፣ ጭነት ይዘውም ወደ ጊቤ አይውረዱ።